የዶን ኤልፒዲዮ ማንጎና የላ ሎማ ፍሳሽ

በቦካ ሴካ የባሕር ዳርቻ ቀዩ ባንዲራ የተተከለ ዕለት ፈረንጆቹ አብዮት የፈነዳ መስሏቸው አጠገቡ እየቆሙ ፎቶ ተነሱ። አብዮትስ በሆነ! ባንዲራው ሊል የፈለገው ሌላ ነው፤ «እዚህ ውሃ የገባ ሰው በጎረቤቱ ዓይነ ምድር ይታጠባል» ነው ነገሩ። ይህን በግልጽ የሚጽፍ ከንቲባ ግን ገና ከእናቱ ሆድ አልወጣም። ስለዚህ ከባንዲራው ሥር በሦስት ቋንቋ፣ በሚያምር ፊደል፣ «ለጊዜው መዋኘት አይመከርም» ተብሎ ተለጠፈ። ጊዜውም ዓመት አለፈው።

ባንዲራው የቆመው ልክ ከዶኛ ኦቲልያ ዳስ ፊት ለፊት ነበር። ዶኛ ኦቲልያ ባሏ ፋውስቶ ከሞተባት ጀምሮ በዚያች የዘንባባ ዳስ ውስጥ ዓሣ እየጠበሰች፣ ጥሬ ሙዝ እየጨፈለቀች በዘይት እያበሰለች የኖረች፣ ጉልበቶቿ ያበጡ፣ ድምፅዋ ከጭስ ብዛት የሻከረ ሴት ናት። ከዳሷ ጎን፣ ላ ሎማ ከሚባለው የኮረብታ ሰፈር የሚወርድ ፈፋ ወደ አሸዋው ይገባል። በልጅነቷ ሸርጣን የያዘችበት ፈፋ ነው። ዛሬ የሰፈሩ ሰው ቤቱ ዐለት ላይ ስለሆነ፣ የሽንት ቤት ጉድጓዱም ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላበት፣ ቱቦውን የቀጠለው ወደዚያው ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ኮረብታው ሆዱን ያራግፋል፣ ባሕሩ ይደፈርሳል፣ የኦቲልያ የተጠበሰ ዓሣም ለማንም አይሸትም፤ ሌላው ሽታ ይቀድመዋልና።

ማጣሪያ ጣቢያ የለም እንዳይባል፣ አለ። ያውም ሁለት ጊዜ የተመረቀ። አንደኛው ከንቲባ ሪባን ቆረጠና በምርጫ ወደቀ። ሁለተኛው ያንኑ ጣቢያ ሰማያዊ ቀለም አስቀብቶ እንደ አዲስ ሪባን ቆረጠ። የተቀጠሉለት ሆቴሎቹ ብቻ ናቸው፤ ሆቴሎቹ ደግሞ እንግዳ ሲጠፋ እነሱም ይጾማሉ፣ ጣቢያውም አብሮ ይጾማል። ፍሳሹን የሚያጣሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው አሉ፤ የሚበሉትም ያንኑ ፍሳሽ ነው፤ ካጡ ያልቃሉ። እና ነፍሳቱ እንዳያልቁ ተብሎ ከጎረቤት ከተማ በሽንት ቤት መጣጭ መኪና ቆሻሻ ይጫንላቸው ጀመር። የራሷን ቆሻሻ ባሕር ውስጥ የምትደፋ ከተማ የሰው ከተማ ቆሻሻ በመኪና አስመጣች! ሰፊው ሕዝብ ሁሉ ነገር ጎድሎት እሱ ብቻ አልጎደለውም ነበር፤ እሱንም በርዳታ አደረጉለት።

ኦቲልያ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። ሳቅ ጉልበት ይፈልጋል። የገና በዓል ከማለፉ በፊት ከዋና ከተማው አንድ ሹም መጥቶ፣ ከመኪናው ሳይወርድ፣ መስኮቱን በስሱ ዝቅ አድርጎ፣ እስከ ሕማማት ሳምንት አጋማሽ ባንዲራው ካልወረደ በፈፋው በኩል ያሉት ዳሶች ፈርሰው ቦታው ሲሚንቶ ፈሶበት የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ተናገረ። በሕማማት ሳምንት በዚያ አገር ሰው አይሰግድም፤ ይዋኛል። ባለዳሶቹ የዓመት እንጀራቸውን የሚጋግሩት በዚያች ሳምንት ነው። ሹሙ መስኮቱን ዘጋ። ሌሎቹ ባለዳሶች እቃቸውን ሸክፈው ወደ ላይኛው ዳርቻ ሄዱ። እዚያ ቦታ የሚያገኘው ዘመድ ያለው ነው። ኦቲልያ የቀራት ዘመድ ፍሎሪንዳ ናት፤ አጠገቧ ተቀምጣ የፈረንጅ ፀጉር ሹሩባ የምትሠራ፣ ምላሷ ከማበጠሪያዋ የሾለ።

ታዲያ መፍትሔው ቀላል ነበር። የላ ሎማ ቤቶች ቱቦ ከፈፋው ተነቅሎ ወደ ጣቢያው ዋና መስመር ይቀጠል። ባሕሩም ይጠራል፣ የተራበው ጣቢያም ይጠግባል። ቀላል ነገር በቦካ ሴካ ዕድሜው አጭር ነው። ኢንጅነር ባልቡዌና የሚባል፣ ጫማው ላይ ጭቃ ሲያይ የሚያዝን ወጣት፣ ኮረብታውን ሲለካ ሰንብቶ ወደ ዳሷ መጣ።

«ዶኛ ኦቲልያ፣ ሌላ መንገድ የለም። ላይ ታቹ ሁሉ ዐለት ነው። ቱቦ የሚቀበል አፈር ያለው የዶን ኤልፒዲዮ ጓሮ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ አሻፈረኝ አሉ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ፣ ልጄ? ዐለቱን ልጥበስልህ?»

«እርስዎ ቢጠይቋቸው እንቢ አይሉም አሉ።»

ኦቲልያ ዓሣውን ገለበጠችው።

ኤልፒዲዮ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጀልባ የሚሠሩትን ሰዎች ሲያርም ይውላል። በጓሮው፣ ልክ በሽንት ቤት ጉድጓዱ ራስ ላይ፣ በኮረብታው ትልቁ የሆነ ማንጎ አለ። ፍሬው የማር ያህል ነው፤ ጣፋጭነቱ ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም፣ ሁሉም ይበላል። የላ ሎማ ሰው ሁሉ በጉድጓዱ አጠገብ አንድ ዛፍ አለው፤ አንዱ አቮካዶ፣ አንዱ ዘይቱን። ቱቦ ከተቀጠለ ዛፉ ጾሙን ያድራል ብለው ያምናሉ፤ ግማሾቹ ቱቦ ለመቀጠል የሚያንገራግሩትም ለዚሁ ነው። የኤልፒዲዮ ግን ከማመን ያለፈ ነው፤ ቱቦው በቀጥታ በሥሮቹ መሐል ነው የሚያልፈው።

«የእኔ ቆሻሻ ከግቢዬ ወጥቶ አያውቅም» ይላል ለመጣው ሁሉ። «ማንጎ ሆኖ ከመውጣቱ በስተቀር። የሌላው ቆሻሻ በምን ዕዳዬ በግቢዬ ያልፋል?»

እውነቱን ነበር። የቸገረው ይኸው ነው። የጨዋ ሰው እውነት ከሌባ ውሸት ይልቅ መንገድ ይዘጋል።

ኦቲልያና ኤልፒዲዮ አበልጆች ናቸው። በልጅነታቸው ባዶ እግራቸውን ፈፋው ውስጥ ሲሯሯጡ «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባሉ ነበር፤ እሷ ልጁን ማይራን ክርስትና ካነሳች ቀን ጀምሮ ግን «እርስዎ» ሆኑ። በዚያ አገር አበልጅ አይሰደብም፣ አይከሰስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በክርስትናው ውሃ ስም የጠየቀውን አይከለከልም። እንቢ ያለ ሰው በሰፈሩ ሬሳውን የሚሸከምለት አያገኝም። እንግዲህ ልብ ያለው ሰው አበልጁን ምንም አይጠይቅም። ይህን መብቱን እንደ ክት ልብስ ሣጥን ውስጥ አጥፎ ያኖረዋል። ኦቲልያ ባሏ ሲሞት እንኳ ለሬሳ ሣጥኑ የሚሆን ጣውላ ከኤልፒዲዮ አልጠየቀችም፤ እሱ ነው ሳይጠየቅ የሠራው።

«አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?» አለች ፍሎሪንዳ ኢንጅነሩ እንደሄደ። «አፍሽን ከፍተሽ አንዲት ቃል ብትናገሪ ዳስሽ ይተርፋል። ዝም ብለሽ ዓሣ ትገለብጫለሽ! ለማን ነው የምትጠብሺው? ለባንዲራው?»

«አበልጄን መጠየቅና መዝረፍ ምን ልዩነት አለው? እንቢ ማለት አይችልም።»

«ለዚህ አይደል ወይ መጠየቁ!»

«አንቺ ቀምተሽ መብላት ለምደሽ ነው።»

«እኔማ ቀምቼ እበላለሁ። አንቺ በይሉኝታ ተቀብረሽ መኪና ይቆምብሻል።»

የፍሎሪንዳ ምላስ አንድ ቦታ አያድርም። ነገሩ እስከ ማታ ከንቲባው ቤት ደረሰ። ከንቲባ ዋስካር፣ ያ ጣቢያውን ሰማያዊ ያስቀባው፣ በልጅነቱ ከኦቲልያ ዳስ የሙዝ ጥብስ እየሰረቀ ያደገ፣ አሁን ግን ትልልቅ ነገር የሚሰርቅ ሰው ነው። የአበልጅ ልመና እንቢ እንደማይባል ሲያስታውሱት እንደ አዲስ ሕግ አጨበጨበ። የኤልፒዲዮ ልጅ ማይራ አራስ ነበረች፤ ሕፃኗ ክርስትና አልተነሳችም፤ በዚያ አገር ደግሞ የክርስትና አባት ለአያትም አበልጅ ነው። ከንቲባው ራሱ የክርስትና አባት ልሁን ብሎ ሄደ! ማይራ በደስታ አለቀሰች። ኤልፒዲዮ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከንቲባውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ «እግዜር ይስጥልን» ብቻ አለ።

እሁድ ሕፃኗ ተጠመቀች። ግብሩ በማንጎው ጥላ ሥር ነበር፤ የፍየል ወጥ በሩዝ፣ ቢራ በበረዶ። ከንቲባው ጠገበ፣ አፉን ጠረገ፣ ተነሥቶ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። ኢንጅነር ባልቡዌና የቱቦውን ካርታ በብብቱ ይዞ በር ላይ ይጠብቃል።

«አበልጄ…» ብሎ ጀመረ ከንቲባው።

ኤልፒዲዮ እጁን አነሣ። «ይቅርታ፣ አበልጄ። ታላቅ ነኝና እኔ ልቅደም።»

«ይቅደሙ፣ ይቅደሙ!» አለ ከንቲባው እየሳቀ፤ ምስጋና መስሎት።

«ዛሬ በዚች ሕፃን ራስ ላይ በፈሰሰው ውሃ እለምንዎታለሁ፣ ቱቦዎ በዚህ ግቢ እንዳያልፍ።»

አንድ ሰው ቢራው ትን አለው፤ ከዚያ ጓሮው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከንቲባው የፍየል አጥንት በእጁ እንደያዘ ቀረ። እንቢ ቢል ላ ሎማ በሙሉ ሲመርጥ ያስታውሰዋል። እሺ ቢል ባሕሩ እንደቆሸሸ ይኖራል። ፖለቲከኛ ነውና ባሕሩን መረጠ። ባሕር ድምፅ አይሰጥም።

«እሺ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግስቱ አካፋና ዶማው ከኮረብታው ወረደ፤ ኢንጅነሩም ካርታውን ጠቀለለ። ከሰዓት በኋላ ከንቲባው ራሱ ዳሱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ዶኛ ኦቲ፣ እርስዎ ካልጠየቋቸው አለቀልን።»

«አለቀልን? ያንተ ምኑ ነው የሚያልቀው፣ ዋስካር? የሚፈርሰው የእኔ ዳስ ነው። አንተማ ማንጎ ልትነቅል ሄደህ ፍየል በልተህ መጣህ።»

«ቀደሙኝ እኮ!»

«ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ልታታልል ስትሄድ ቢያንስ ሳትበላ ትናገራለህ። ሆድህ ነው የቀደመህ።»

ፍሎሪንዳ ማበጠሪያዋ ከእጇ ወደቀባት። ከንቲባው ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን የሰረቀው የሙዝ ጥብስ ትዝ ሳይለው አልቀረም። «አላሳልፍም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ግን እሳቸው ራሳቸው ቢፈቅዱ ቃሌ አይፈርስም» ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ይገፋት ጀመር። በሩን ዘግቶ ፈፋው ውስጥ የሚያራግፈው የላ ሎማ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኛት «ኧረ ዶኛ፣ ይጠይቋቸው እንጂ» ይላታል። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ እጇን ይዞ «ለሕዝብ ጥቅም» አላት። ሕዝብ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ ሸክሙን የሚያነሣለት አንድ ጀርባ ካገኘ አንድ ድምፅ ይሆናል። ኦቲልያ ማታ እግሯን በጨው ውሃ ትነክራለች፤ ጠዋት ከሰል ታያይዛለች፤ ማንም ለማይበላው ዓሣ ጨው ትነሰንሳለች። ቁጣ እንኳ እንዳጣች ለራሷ ታወቃት። ዳሱ ከፈረሰ ሌላ ቦታ የመጀመር ጉልበት የላትም፤ ለልመናም ቢሆን ጉልበት የላትም። ሁለቱን ድካሞች ስታመዛዝን ሰነበተች። የቱ እንደሚቀል አላወቀችም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ዝናብ የሞላው ፈፋ ዳሷን በርጥብ ቆሻሻ ከቦት ባደረ ማግስት፣ ሽርጧን ሳትፈታ ኮረብታውን ያዘች። ሦስት ቦታ ላይ አረፈች። ኤልፒዲዮ ከማንጎው ሥር ተቀምጦ ስትመጣ እያያት ነበር። ሊገባና በሩን ሊዘጋ ይችል ነበር። ወንበር አወጣላት።

«ይቀመጡ፣ አበልጄ።»

ተቀመጠች። ገና ትንፋሿን ሳትሰበስብ እሱ ማውራት ጀመረ። ስለ ሕፃኗ ጥርስ አወራ። ስለ አዳዲሶቹ የፕላስቲክ ጀልባዎች አወራ፤ መታጠቢያ ገንዳ አላቸው። ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፣ ራሱ መለሰ። ውሃ አመጣላት። ስለ ውሃው አወራ። እሷ ውሃውን ጠጥታ ጨረሰች። ወሬው አለቀበት።

«ልቀድምዎት እችል ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ለምን አልቀደሙኝም?»

«ከንቲባው ሊሸውደኝ መጣ፤ ሸወድኩት። እርስዎ ግን በነዚያ ጉልበቶች ኮረብታ ወጥተው መጡ። ምን ብዬ ልቅደምዎ?» ወደ ቅርንጫፎቹ አየ። «ግን አንድ ነገር ይወቁ። አዝኖልኝ ራሱ ‹ይለፍ› ይለኛል ብለው መጥተው ከሆነ፣ አልልም። ከአፍዎ ልስማው። ሸክሙ የእርስዎ ይሁን።»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ይበሉት።»

ኦቲልያ ጉልበቷን ያዘች። በሕይወቷ ለማንም ያላለችውን ቃል አፏ ውስጥ ፈለገችው፤ ድንጋይ ይመስል ነበር።

«በማይራ ራስ ላይ በፈሰሰው ውሃ እለምንዎታለሁ፤ ቱቦው ይለፍ።»

«ይለፍ» አለ ኤልፒዲዮ። ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። ወደ ማንጎው ቀና ብሎ «ይደርቃል» አለ።

«ይደርቃል።»

«ጉድጓዱን ከፋውስቶ ጋር ነው የቆፈርነው። ማንጎውን የተከለው እሱ ነው።»

«ፋውስቶ ተክሎ አያውቅም። በልቶ ፍሬውን ወረወረ፤ በቀለ።»

ኤልፒዲዮ ከአፍንጫው የሚወጣ አጭር ሳቅ ሳቀ፤ ወዲያው ዋጠው። እሷም ተነሥታ ወረደች። መውረዱ ከመውጣቱ ከፋባት።

ቁፋሮው ተጀመረ። ኢንጅነር ባልቡዌና ግማሹ ሥር ስለሚተርፍ ዛፉ አይሞትም ብሎ ማለ። በባሕሩ በኩል ያለው ጎን በሳምንቱ ጠወለገ፣ ቅጠሉ ረገፈ፤ ገና ጥሬ የነበረው ፍሬ ጓሮው ላይ ተዘረገፈ። በላይኛው በኩል ያለው ግማሽ ለመኖርም ለመሞትም ሳይወስን ቆመ። የላ ሎማ ሰዎች ቱቦአቸውን ቀጠሉ፤ ትናንት «ኧረ ይጠይቋቸው» ያሉት አፎች ዛሬ «ያን የመሰለ ማንጎ ለዓሣ መጥበሻዋ ብላ አስደረቀችው» አሉ። ጥሬውን ማንጎ ግን ለቅመው በጨው በሉት። ማጣሪያ ጣቢያው የዕለት ጉርሱን በቱቦ አገኘ፤ መጣጭ መኪናውም ወደ አገሩ ተሸኘ። ፈፋው ደርቆ አንድ ሰሞን በፀሐይ ሸተተ፤ ከዚያ መሽተቱን ረሳው። ኤልፒዲዮ ግን ወደ ዳሱ አልወረደም። ድሮ በየከሰዓቱ መጥቶ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ የሚያልፉትን ጀልባዎች ይሰድብ ነበር። ምሰሶው ብቻውን ቆመ። ኦቲልያ ወደዚያ ላለማየት ተማረች።

ባንዲራው የወረደው ሕማማት በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ውሃው ተለክቶ ንጹሕ ተባለ፤ በቀዩ ምትክ አረንጓዴ ተሰቀለ። ከንቲባ ዋስካር ሦስተኛውን ሪባን አስመጣ፤ ማጣሪያ ጣቢያው ሪባን ስለጠገበ ይሄኛው አሸዋው ላይ ከዳሱ ምሰሶ እስከ ባንዲራው ዘንግ ተወጠረ። ሕዝቡ ሪባኑን አልጠበቀም፤ በሥሩ እየሾለከ ውሃ ውስጥ ገባ። የኦቲልያ ዘይት ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አልበረደም። ጠዋት የጀመረችው ቆሞ መጥበስ እስከ ከሰዓት አልተቋረጠም። እግሮቿ የራሷ መሆናቸውን ረስተው ነበር።

«ይኸው መጣ» አለች ፍሎሪንዳ።

ኤልፒዲዮ በሰው መሐል እየመጣ ነበር፤ የክት ባርኔጣውን አድርጎ። ምሰሶው ጋ አልቆመም። ቀጥ ብሎ መጥቶ ምድጃው ፊት ቆመ።

«አበልጄ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው።»

ኦቲልያ መገልበጫዋን ጨበጠች። ምን ሊጠይቃት እንደሚችል በአንድ ትንፋሽ አሰበችው፤ ዳሱን፣ ቦታውን፣ ከቦካ ሴካ መሄዷን። የፈለገውን ቢል እንቢ የላትም። «ይጠይቁ» አለች።

«በማይራ ራስ ላይ በፈሰሰው ውሃ እለምንዎታለሁ፤ ይቀመጡ።»

«ምን?»

«ወንበሩ ያውና። ዛሬ የምጠብሰው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? እጅዎ እየተንቀጠቀጠ? ሰው ይፈጃሉ!»

«ይፈጅ። ይቀመጡ ብያለሁ።» መገልበጫውን ከእጇ ወሰደው። «ይህ ደግሞ ይቅርታ አይደለም፤ እንዳይሳሳቱ። ማንጎዬን አልረሳሁም። ዘንድሮም፣ ለከርሞም አልረሳም።»

«አይርሱ።»

«አልረሳም አልኩ እኮ!»

ተቀመጠች። እንቢ የምትልበት መንገድ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓሣ ሲያርር አፍንጫዋ ነገራት፤ ልትነሣ ቃጣች፤ ኤልፒዲዮ መገልበጫውን ቀሰረባት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ፈረንጅ ሳህኑን እያየ አንድ ነገር አለ። ፍሎሪንዳ «የአካባቢው ባህል ነው፤ ብላ!» አለችው። ከንቲባው ድምፅ ማጉያውን ነፋ፣ አስነጠሰ፣ «የተከበራችሁ የቦካ ሴካ ሰፊ ሕዝብ፣ ይህ ታሪካዊ ቀን…» ብሎ ጀመረ። ታሪኩ ገና ወደ መጀመሪያው ዘመነ ሥልጣኑ ሳይደርስ ዶኛ ኦቲልያ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ፣ ያበጡ እግሮቿን አሸዋው ውስጥ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ አንኮራፋች። ሪባኑ ሲቆረጥ ማንም አልቀሰቀሳትም፤ ሊቀሰቅሳት የቀረበ ሁሉ በትኩስ መገልበጫ ይመለስ ነበርና።